ታዳጊ ሴቶችን በማህበረሰብ ፕሮጀክት መሪ ማድረግ፦ ሜንተሩ እስከ የት ይርዳ?

ጸደይ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ምክር ፈልጌ ነው። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 16 የሆኑ ሴት ልጆች ቡድን ሜንተር (አብሮ የሚሄድ መካሪ) ልሆን ነው። ከትምህርት ሰዓት ውጭ በየሳምንቱ እንገናኛለን፣ ለአንድ ዓመት። ልጆቹ በአካባቢያቸው ያለ አንድ ችግር መርጠው፣ አቅደው፣ ራሳቸው ሠርተው ዳር እንዲያደርሱት ነው የታሰበው። በዚያው መሪነትን ይለምዳሉ ተብሎ።

የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። እንዲህ ዓይነት ፕሮጀክቶችን በቅርብ አይቻለሁ። ብዙዎቹ ላይ ርዕሱን የሚመርጠው ትልቅ ሰው ነው። ደብዳቤውን የሚጽፈው እሱ ነው። ቢሮ የሚገባውም እሱ ነው። ልጆቹ በመጨረሻው ቀን አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው ይመጣሉ። ችግኝ ይተክላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ የምስክር ወረቀት ተቀብለው ይሄዳሉ። በሳምንቱ «ምን ወሰናችሁ?» ብትሏቸው የሚመልሱት የላቸውም። የወሰኑት ነገር የለማ።

ይህን መድገም አልፈልግም። ደግሞ «በሉ እንግዲህ ምሩ» ብዬ ብተዋቸው ግራ እንደሚገባቸው አውቃለሁ። ርዕሱን ማን ይምረጥ? መቼ ልግባ፣ መቼ ልተው? የሚናገሩት ሁለት ልጆች ብቻ ሆነው ሌሎቹ ዝም ቢሉስ? ቢከሽፍስ? በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።


ቀለም_ቆጣሪ፦

ጸደይ፣ መምህር ነኝ፣ ተመሳሳይ ቡድኖች ጋር ሠርቻለሁ። ያየሽውን ነገር ሮጀር ሃርት የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ በጻፈው ጥናት በደንብ አስቀምጦታል። የልጆችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል ነው የሚያሳየው። የታችኞቹን ሦስት ደረጃዎች ጭራሽ ተሳትፎ አይላቸውም። ልጆች ያልገባቸውን ነገር እንዲደግፉ ማድረግ፣ ልጆችን ለጌጥ ማቆም፣ ለይስሙላ መድረክ ላይ ማውጣት። ቲሸርትና ፎቶው እዚያ ነው የሚወድቀው።

ሰው ግን አንድ ነገር ይስታል። የመሰላሉ ጫፍ ላይ ያለው ትልልቅ ሰዎች ጥለው የሄዱበት ሥራ አይደለም። ስምንተኛው ደረጃ ልጆች ራሳቸው ጀምረው ከትልልቅ ሰዎች ጋር አብረው የሚወስኑበት ነው። ልጆቹ ብቻቸውን የሚያካሂዱት ሥራ ከእሱ ዝቅ ብሎ ሰባተኛው ላይ ነው ያለው። ስለዚህ «ልግባ ወይስ ልውጣ» ብለሽ አትጨነቂ። ልጆቹ ናቸው የሚጠሩሽ፣ ወይስ አንቺ ነሽ የምትጠሪያቸው? እሱን ተከታተይ።

እኔ ቡድኖችን የምለካበት ቀላል መንገድ አለኝ። በአንድ ሳምንት ሜንተሩ ቢቀር ስብሰባው ይካሄዳል? ልጆቹ አጀንዳውን ያውቁታል? ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ፣ ባለፈው ማን ምን ሊሠራ እንደተስማማ ያውቃሉ? ካወቁ መንገድ ላይ ናችሁ። ሁሉም ነገር ሜንተሩ ስልክ ውስጥ ከሆነ ግን ፕሮጀክቱ የሜንተሩ ነው፣ ልጆቹ ምንም ያህል ቢሠሩ።


ሶሊ፦

እኔ ከሌላው ወገን ልጻፍ። በ15 ዓመቴ እንዲህ ዓይነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ።

መጀመሪያ የመረጥነው ርዕስ «ንጽህና» ነበር። በጣም ሰፊ ነው፣ ግን ያኔ አልታየንም። ሜንተራችን «ትልቅ ነው፣ ቀንሱት» አላለችንም። «ከዚህ ጉዳይ የቱ ክፍል ነው ማንን የሚጎዳው?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። «እንግዲያው ጠይቃችሁ ኑ» አለች። እያንዳንዳችን በትምህርት ቤቱ ካሉ ሴት ተማሪዎች ጋር ተነጋግረን እንድንመጣ ተስማማን። ከጓደኞቻችን ጋር ሳይሆን ከማናውቃቸው ጋር።

ይዘን የመጣነው ነገር እኛንም አስደነገጠን። ብዙዎቹ ልጆች ቀኑን ሙሉ ውሃ አይጠጡም። ለምን? ሽንት ቤት መሄድ ስለማይፈልጉ። ለምን? በሩ ስለማይዘጋ። መቀርቀሪያው ተነቅሏል። በወር አበባ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ከትምህርት የሚቀሩ ነበሩ። ሁላችንም በየቀኑ እናየው የነበረ በር ነው እኮ! ግን እንደ ችግር ቆጥረነው አናውቅም። እንዲያው የሚኖር ነገር ይመስለን ነበር።

«ንጽህና» በዚያው ቀረና ፕሮጀክታችን የሽንት ቤት በር መቀርቀሪያ ሆነ። አንዳንድ ሰዎች ሲሰሙ ትንሽ መስሏቸው ነበር። እኛ ግን አራት ነገር መሥራት ነበረብን። ስንት በር እንደተበላሸ መቁጠር፣ ዋጋ ማጣራት፣ ርዕሰ መምህሩን ማሳመን፣ መቀርቀሪያ የሚገጥም ባለሙያ ማግኘት። መቀርቀሪያዎቹ ተገጠሙና ጨረስን ብለን ደስ አለን።

ሜንተራችን ያኔ ነው ከሁሉም የከበደውን ጥያቄ የጠየቀችን። «በሚቀጥለው ዓመት ሲነቀል ማን ይጠግነዋል?» ዝም አልን። እውነቱን ለመናገር ተናደድንባት። ግን ተመልሰን ሄድን። የትምህርት ቤቱ የጥገና ሠራተኛ በየሳምንቱ የሚያያቸው ነገሮች ዝርዝር እንዳለው አወቅን። የሽንት ቤቱ በሮች በዚያ ዝርዝር ውስጥ እንዲገቡ አስደረግን። ከሥራችን ሁሉ የቆየው እሱ ነው። አንዲት መስመር በአንድ ወረቀት ላይ።


ጸደይ፦

ሶሊዬ፣ አመሰግናለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስትገቡ ሜንተራችሁ አብራ ነበረች? ዝም ማለት እንዴት ቻለች? እኔ ልጆች ሲንተባተቡ እያየሁ ዝም የምል አይመስለኝም።


ሶሊ፦

አብራን ነበረች። ግን ሥራዋን የጨረሰችው ከዚያ በፊት ነው። በፊተኛው ሳምንት አለማመደችን። እሷ ርዕሰ መምህር ሆነች። ደግ ርዕሰ መምህር አይደለም። ሰዓቱን የሚያይ፣ መሃል ላይ የሚያቋርጥ፣ «በጀት የለም» ብሎ የሚዘጋ። እየተቀያየርን አናገርናት። አንዷ ልጅ አለቀሰች። ቆምን፣ ተነጋገርን፣ እንደገና ሞከረች። «በጀት የለም» ሲባል ምን እንደምንል አብረን አዘጋጀን። «ስንት እንደሚፈጅ ይዘን መጥተናል፣ ይመልከቱት» የሚለውን መልስ ያገኘነው ልምምዱ ላይ ነው።

ቢሮ ስንገባ ሰውየው ገና ከመጀመሪያው ወደ እሷ ዞሮ ነበር የሚያወራው። እኛን አያየንም። እሷ «ጥያቄው የእነሱ ነው፣ እነሱ ያስረዱዎታል» አለችና ማስታወሻ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። ቀና ብላ ብታየው ኖሮ እሷን ማናገሩን ይቀጥል ነበር። ሰውየው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ወደ እኛ ዞረ።

የተንተባተብነውን ተንተባተብን። ግን ስንወጣ በራሳችን ነበር የኮራነው።


ተጠራጣሪው፦

በቅንነት ነው የምጠይቀው፣ እንዳትቀየሙኝ። ሁለት ነገር አይዋጥልኝም።

አንደኛ፣ መቀርቀሪያ ማስገጠም መሪ ያደርጋል? ጥሩ ሥራ ነው፣ አልካድኩም። ግን «መሪነት» የሚለውን ትልቅ ቃል በየትንሹ ነገር ላይ እየለጠፍን ይመስለኛል። ሁለተኛውና የባሰው ደግሞ ይህ የትምህርት ቤቱ ሥራ እኮ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው አለው። የ15 ዓመት ልጅ ትምህርቷን ትታ ትልልቅ ሰዎች ያልሠሩትን ለምን ትሠራለች? «ማብቃት» እያልን ሸክም እየጫንባቸው ቢሆንስ?


ቀለም_ቆጣሪ፦

ወንድሜ፣ ሁለተኛው ጥያቄህ በጣም የምጨነቅበት ነው፣ ከእሱ ልጀምር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ሥራውን ተክተው ከሠሩ ሸክም ነው። ሥራው የሚመለከተው አካል ሥራውን እንዲሠራ ካደረጉ ግን መሪነት ነው። የሶሊን ታሪክ ተመልከት። መቀርቀሪያውን ብቻ አስገጥመው ቢሄዱ ኖሮ ያንተ ነቀፋ ልክ ነበር። የጥገናው ዝርዝር ውስጥ ሲያስገቡት ግን ኃላፊነቱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

እንግሊዝ አገር አሚካ ጆርጅ የምትባል ልጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ገና 17 ዓመቷ እያለ የጀመረችው ዘመቻ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የወር አበባ ንጽህና መጠበቂያ መግዣ አጥተው ከትምህርት የሚቀሩ ተማሪዎች እንዳሉ ሰማች። ለጥቂት ልጆች ሞዴስ ሰብስባ ብታከፋፍል ማንም ያመሰግናት ነበር። እሷ ግን መንግሥት በነፃ እንዲያቀርብ የድጋፍ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 መንግሥት በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች በነፃ ማቅረብ ጀመረ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ ስመጣ፣ ትንሹ ነገር ትንሽ ሆኖ አይቀርም። ባርባራ ጆንስን አስብ። እ.ኤ.አ. 1951፣ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ፋርምቪል የምትባል ከተማ። የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ለ180 ተማሪ የተሠራው ሕንፃ ከ450 በላይ ይዟል። የተረፉት በታር ወረቀት በተሸፈኑ ጎጆዎች ነው የሚማሩት። ባርባራ 16 ዓመቷ ነው። ለሙዚቃ መምህሯ አማረረች። መምህሯ አላባበለቻትም፣ ልፍታልሽም አላለቻትም። ታዲያ አንቺ ለምን አንድ ነገር አታደርጊም ብላ ነው የጠየቀቻት።

ባርባራ የተመረጡ ተማሪዎችን በምስጢር ሰበሰበች። ሚያዝያ 23 ቀን ርዕሰ መምህሩ በስልክ ተታለው ከግቢ እንዲወጡ ተደረገ። ተማሪው አዳራሽ ተጠራ። መድረኩ ላይ የቆመችው እሷ ነበረች። ከ450 በላይ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ወጡ። ጥያቄያቸው ምን ነበር? የተሻለ ሕንፃ። በቃ። የዜጎች መብት ጠበቆች ሲመጡ ነው ጥያቄው ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን መለያየቱ ራሱ ይቅር ወደሚል ያደገው። ያ ክስ ከሌሎች ጋር ተጣምሮ በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በትምህርት ቤት የዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ካለበት ውሳኔ ውስጥ ገባ።

ሁሉም ልጅ ባርባራ ትሁን አልልም። እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ግን መምህሯ ናት። አንዲት ጥያቄ ጠይቃ ወደ ኋላ ተመለሰች።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 ሰው «እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከየት እንደሚያገኝ አራት ምንጮች አስቀምጧል። ራሱ ሠርቶ መሳካቱ፣ እሱን የሚመስል ሰው ሲሳካለት ማየቱ፣ ሌሎች አይዞህ ማለታቸው፣ በዚያ ሰዓት ሰውነቱና ስሜቱ የሚነግረው። ከሁሉም የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። በሥልጠና አዳራሽ ስለ መሪነት የምናወራው ሁሉ ሦስተኛው ላይ ነው የሚያርፈው። መቀርቀሪያው የመጀመሪያው ላይ ነው።


ተጠራጣሪው፦

ኃላፊነቱ ወደ ባለቤቱ ይመለስ ያልከው ገብቶኛል። እዚያ ላይ እስማማለሁ። ፕሮጀክቱ ሲታቀድ ገና «ከእኛ በኋላ የማን ሥራ ነው?» ተብሎ ካልተጠየቀ ግን አሁንም ተቃውሞዬ እንዳለ ነው።


የሴት_ልጅ_አባት፦

የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ። እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ልግባ ብላኛለች። እናቷ ደስ ብሏታል፣ እኔ ግን አላውቅም። ውጤቷ ይወርዳል ብዬ እፈራለሁ። ሰዓት ይመሽባታል። የማላውቃቸው ሰዎች ዘንድ ትሄዳለች። ደግሞ ሰው ፊት ወጥታ ስትናገር ስድብ ቢመጣባት ማን ይቆማል? ልጄን ለማፈን አይደለም፣ አባት ስለሆንኩ ነው። ይህን የሚመልስልኝ ሰው ካለ ደስ ይለኛል።


ማህበራዊ_ሠራተኛ፦

ወንድሜ፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ሜንተሩ ዘንድ ሄደው እነዚህን ጥያቄዎች ሁሉ ይጠይቁ። በደንብ መመለስ ያልቻለ ቡድን ከሆነ ልጅዎን አይላኩ። ከልቤ ነው የምልዎት።

ጸደይ፣ አንቺም ስሚ። ይህ ክፍል አሰልቺ ስለሚመስል ሰው ይዘለዋል። ሜንተር ከአንዲት ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይቀመጥም። በሩ ይከፈታል፣ ወይም ሌላ አዋቂ በሚያይበት ቦታ ይሆናል። ሴት ሜንተርም ብትሆን። ቢሮ፣ ጉብኝት፣ ስብሰባ ላይ ሁለት አዋቂዎች ይኑሩ። መልእክት በቡድን ይላክ፣ በግል ማታ ማታ መጻጻፍ አይኖርም። ስብሰባው የሚያልቅበት ሰዓት ይታወቅ፣ እያንዳንዷ ልጅ ከማን ጋር ወደ ቤት እንደምትሄድም ይታወቅ። ሌሎች ልጆችን እየጠየቁ መረጃ ሲሰበስቡ ማን ምን እንዳለች ስም አይጻፍ። ፎቶ ደግሞ በወላጅ ፈቃድ ብቻ አይደለም፣ በልጅቷም ፈቃድ ነው። «ፎቶዬ ይውረድ» ካለች ያለ ክርክር ይወርዳል።

ስድቡን በተመለከተ፣ በተለይ ኢንተርኔት ላይ ይመጣል። ስለዚህ ገጽ ከተከፈተ በቡድኑ ስም ይሁን፣ በአንዲት ልጅ ስም አይሁን። አስተያየቶቹን መጀመሪያ የሚያነበው አዋቂ ይሁን። ትምህርት ቤቷ፣ የምትሄድበት መንገድ፣ የምትገኝበት ሰዓት አይለጠፍ። በፈተና ሰሞን ሥራው ይቁም፣ ይህም ገና ሲታቀድ በቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፍ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ልጆች ሜንተራቸውን ሲያምኑ ያልጠበቅሽውን ይነግሩሻል። ቤት ውስጥ መመታት፣ ወይም ከዚያ የከፋ። «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ። የማትጠብቂው ቃል ነው። «ደህንነትሽን የሚነካ ከሆነ ሊረዳ ለሚችል ሰው መንገር አለብኝ፣ ለማን እንደምነግር ግን አስቀድሜ አሳውቅሻለሁ» በያት። ለማን እንደምትነግሪ ደግሞ ገና ሥራውን ሳትጀምሪ እወቂ። ያን ቀን መፈለግ አይጀመርም።

በመጨረሻ፣ አንድ ዓመት ብለሻል። ዓመቱን መጨረስ የማትችዪ ከመሰለሽ አትጀምሪ። ግሮስማንና ሮድስ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት አለ። ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ሜንተርነት ለታዳጊዎቹ ትልቁን ጥቅም አስገኝቷል። በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ከበፊቱ ወርዶ ተገኝቷል። ልጅቷ «እኔ ምን አድርጌ ነው የሄደችው?» ትላለች።


የሴት_ልጅ_አባት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰዓቱንና ወደ ቤት የመመለሱን ነገር ነገውኑ እጠይቃለሁ። የፈተናውንም።


ጸደይ፦

የቃል መግባቱ ነገር አስደንግጦኛል። «ለማንም አልናገርም» ልል እችል ነበር። ሳልጀምር በፊት ለማን እንደምነግር አጣራለሁ።

ጋሼ የሴት ልጅ አባት፣ በእኔ ቡድን ወላጆችን የምጠራው በመጨረሻው ቀን ለጭብጨባ እንዳይሆን አሰብኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ጠርቻቸው የጻፉትን ጥያቄ ሁሉ እመልሳለሁ።

ስለ ዝምተኞቹ ግን እስካሁን ማንም አልነገረኝም።


የሂሳብ_ደብተር፦

እኔ ዝምተኛዋ ነበርኩ። ይህን ውይይት ከመጀመሪያው እያነበብኩ ነበር፣ አሁን ልጻፍ።

ቡድናችን ውስጥ ሁለት ልጆች ሁሌ ይናገራሉ። ጥሩ ልጆች ናቸው። ሜንተሯ ሁልጊዜ «እስቲ አንቺስ?» እያለች ትጠቁመኝ ነበር። አስባልኝ ነው። ግን ሁሉም ሲዞርብኝ ያሰብኩት እንኳ ይጠፋብኝ ነበር። የረዳኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን ወረቀት አደለችን። ከመነጋገራችን በፊት ሁላችንም ሀሳባችንን እንድንጽፍ አደረገች። ወረቀቶቹ ተደባልቀው ተነበቡ። ከተመረጡት ሁለት ሀሳቦች አንዱ የእኔ ነበር። ማንም የማን እንደሆነ አያውቅም። እኔ ግን አወቅኩ።

ከዚያ ኃላፊነት በየወሩ እየተቀያየረ መጣ። ስብሰባ መምራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ ከውጭ ሰው ጋር መነጋገር፣ ገንዘብ መያዝ። ገንዘቡ ሲደርሰኝ ወደድኩት። አንድ ጊዜ ቡድኑ ትልቅ ባነር ሊያሠራ ሲስማማ ደብተሩን ከፍቼ «ይህን ካሠራን ለዋናው ሥራ አይተርፈንም» አልኩ። በሕይወቴ ሰው ፊት የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ነበር። ባነሩ ቀረ። ስለዚህ ጸደይ፣ ዝምተኛዋን ለማናገር አትሩጪ። ዝም ብትል ሥራው የሚቆምበት ቦታ ስጫት።


ቀለም_ቆጣሪ፦

ይህ ሁላችንንም ያስተምረናል። በተለይ መምህራንን፣ «ድምፅሽን አሰሚ» ማለት ለምንወደው።


ተጠራጣሪው፦

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ለምን ሴቶች ብቻ? ወንዶቹም በዚያው ሰፈር ነው የሚኖሩት። ነገ አብረው ነው የሚሠሩት።


ሶሊ፦

እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። ቅልቅል ቡድን ውስጥ ሊቀመንበሩ ወንድ፣ ጸሐፊዋ ሴት ትሆናለች። ማንም አላዘዘም። እንዲያው ይሆናል። ሴቶች ብቻ ስንሆን ሊቀመንበርም እኛ፣ ወንበር ተሸካሚም እኛ፣ መቀርቀሪያ ከሚገጥመው ሰው ጋር ዋጋ የምንከራከርም እኛ ነን። «ይህ የወንድ ሥራ ነው» የሚባል ነገር ያለ ማንም አዋጅ ይጠፋል። ሥራው ሲሠራ ግን ወንዶች አብረውን ነበሩ። መቀርቀሪያ ሲገጠም የረዱን ወንድ ተማሪዎች ናቸው። ውሳኔው ላይ ነው ለብቻችን የሆንነው።


ማህበራዊ_ሠራተኛ፦

ሶሊ ያለችው በጥናትም ይደገፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት በወጣ ጥናት ላይ የአምስት ዓመት ሴት ልጆች «በጣም በጣም ጎበዝ» የሚባለውን ሰው እንደ ወንዶቹ ሁሉ በራሳቸው ፆታ ነው የሚያስቡት። ስድስትና ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ግን እንደዚያ የሚያስቡት ይቀንሳሉ። ገና በስድስት ዓመት! እኛ የምናገኛቸው በ14 ነው።

ሌላው ከሕንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ሕግ ከመንደር ምክር ቤቶች መሪነት ሲሶው ለሴቶች እንዲሆን አዘዘ። የትኛው መንደር በሴት እንደሚመራ በዕጣ ይወሰን ስለነበር ተመራማሪዎች ማወዳደር ቻሉ። በ2012 በታተመው ጥናታቸው፣ ሁለት ጊዜ በሴት በተመሩ መንደሮች ታዳጊ ሴቶች ለወደፊት ሕይወታቸው የሚመኙት ከወንዶቹ ጋር ያለው ክፍተት 32 በመቶ ጠብቧል። በትምህርት ደረጃ የነበረው ክፍተት ደግሞ ጭራሽ ጠፍቷል። ማንም ምክር አልሰጣቸውም። ሴት ስትመራ አዩ። ስለዚህ ጸደይ፣ ልጆቹ ፈቃድ ሊጠይቁ የሚሄዱበት ቢሮ ውስጥ ሴት ኃላፊ ካለች ከእሷ ይጀምሩ።


ተጠራጣሪው፦

እሺ፣ ይህን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።


ጸደይ፦

አንድ የቀረኝ «ቢከሽፍስ» ያልኩት ነው። ቢሮው «አይሆንም» ቢል፣ ዓመቱም ቢያልቅ?


ቀለም_ቆጣሪ፦

ይህ ይደርሳል፣ ተዘጋጂበት። በባሊ፣ የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት፣ ሜላቲና ኢዛቤል ዊጅሰን የሚባሉ እህትማማቾች እ.ኤ.አ. በ2013 የፕላስቲክ ከረጢት ይከልከል ብለው ሲነሱ አንዷ 12፣ አንዷ 10 ዓመቷ ነበር። ክልከላው ሥራ ላይ የዋለው በ2019 ነው። በዚህ መሃል ፊርማ አሰባሰቡ፣ የባህር ዳርቻ አጸዱ፣ ገዥው እንዲያነጋግራቸው እስከ ጾም አድማ ደረሱ። ፕሮጀክቱ በአንድ ዓመት ተዘግቶ ሪፖርት ቢቀርብበት ኖሮ «አልተሳካም» ይባል ነበር።

ስለዚህ ከልጆቹ ጋር ሁለት ነገር ለይታችሁ ጻፉ። አንዱ እናንተ ራሳችሁ የምትጨርሱት ነው። ቆጠራው፣ ጥናቱ፣ ለኃላፊው ማቅረቡ። ሌላው ሌላ ሰው የሚወስነው ነው። የመጀመሪያው በእጃችሁ ነው፣ ካልተሠራ ለምን ተብሎ ይጠየቃል። ሁለተኛው ላይ «አይሆንም» ከተባለ፣ ማን እንዳለ፣ በምን ምክንያት፣ ከእሱ በላይ ማን እንዳለ ጽፈው ለሚቀጥለው ቡድን ያስረክቡ።

አንድ ነገር ግን አታድርጊ። «አይሆንም» ሲባሉ በጓሮ በኩል የምታውቂው ሰው ጋር ደውለሽ አታስፈጽሚላቸው። ፈተናው ይህ ነው፣ ምክንያቱም ልብሽ ያዝናል። ችግሩ ይፈታ ይሆናል። ልጆቹ ግን የሚማሩት ጉዳይ የሚያልቀው የሚያውቀው ሰው ላለው ብቻ መሆኑን ነው። ያ የምታውቂው ሰው እንዳለ ማወቅ ካለባቸው፣ ስሙን ንገሪያቸውና ራሳቸው ይጠይቁት።


ጸደይ፦

ይህ የመጨረሻው ለእኔ የተጻፈ ነው። ስልክ አንስቼ መደወል ነበር የሚቀናኝ።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ስብሰባ ያለ ርዕስ ነው የምገባው። ወረቀት ይዤ እገባለሁ፣ እንደ ሂሳብ ደብተር ሜንተር። ከዚያ ጠይቀው እንዲመጡ እልካቸዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ለሂሳብ ደብተር፦ ገንዘቡን በእጅሽ ነበር የምትይዢው? ልጅ ላይ ገንዘብ መጣል አደጋ የለውም?


የሂሳብ_ደብተር፦

በእጄ አልነበረም። ገንዘቡ የሚቀመጠው ሜንተሯና ሌላ አንድ አዋቂ በሚፈርሙበት ቦታ ነው። እኔ የምይዘው ደብተሩን ነው። ግን ሳንቲም የሚወጣው ቡድኑ ተስማምቶ ቃለ ጉባኤው ላይ ከጻፈው በኋላ ብቻ ነበር። ሜንተሯም ብትሆን ያለዚያ ማውጣት አትችልም። አንድ ጊዜ በራሷ ወረቀት ገዝታ መጣች። ደረሰኙን ጠየቅኳት፣ ሰጠችኝ፣ መዘገብኩት። በዓመቱ መጨረሻ ለወላጆች ሂሳቡን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሲጠይቁም የመለስኩት እኔ ነኝ። ደብተር ስትገዢ ጠንካራ ሽፋን ያለውን ግዢ፣ ብዙ እጅ ነው የሚያልፍበት።